የማታኮርፈዋ ጋርዴኒያ

የካቲት 8

ዛሬ አራት ተማሪ ነበረኝ። ሁለቱ ደህና ናቸው። ሦስተኛው ቀኝና ግራውን ሳይለይ አርባ ዓመት የኖረ ሰው ነው... እንዴት ኖረ? አራተኛዋን "ስፖኪዮውን ተመልከቺ" ስላት ተመለከተችና ፀጉሯን አስተካከለች። መንዳት ማስተማር ከጀመርኩ ሃያ ሁለት ዓመቴ። አሁንም በየቀኑ አዲስ ነገር አይጠፋም።

ቤት ስገባ እትዬ አንሶላ አጥባ በረንዳ ላይ አስጥታለች። የት? ጣሳዎቼ ላይ። አሥራ ዘጠኝ የጋርዴኒያ ችግኝ እርጥብ አንሶላ ተከናንቦ ተቀምጧል።

"ፀሐይ አያስፈልጋቸውም እንዴ?" አልኳት።

"ለኔስ ደረቅ አንሶላ አያስፈልገኝም?"

ተኮራረፍን። እራት ላይ ጨው ስፈልግ በጣቴ ጠቆምኩ።

የካቲት 9

እንደተኮራረፍን ነው።

የካቲት 11

ታረቅን። መጀመሪያ የተናገረችው እሷ ናት። ሁሌም እሷ ናት። ስድሳ አንድ ዓመቷ ነው፣ እኔ ሃምሳ ሁለት፤ አሁንም "አንተ ልጅ" ትለኛለች። ታላቅ እህትነትን የሚያክል ሹመት የለም። ጡረታ እስክትወጣ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ስለነበረች ቤታችን ውስጥ ነገር ሁሉ የሚያልቀው በብይን ነው።

"በዚህ ቤት አንድ አኩራፊ ይበቃ ነበር" አለች ሻይ እየቀዳች። "አንተ ሄደህ አሥራ ዘጠኝ ጨመርክበት።"

"እንዳያኮርፉ አይደል እንዴ የምለፋው?"

"ልፋ። አንተንስ ማን ያዳቅልልን?"

የካቲት 15

እሑድ። ቅጠል በእርጥብ ጨርቅ ሳብስ ዋልኩ፣ አንድ በአንድ። እንቡጥ የለም። ከበቀሉ ሁለት ዓመት ከአንድ ወር ሆናቸው... ምን እየጠበቁ ነው?

ነገሩ የተጀመረው እትዬ ጡረታ በወጣች ቀን ነው። ስጦታ ብዬ ከችግኝ ሻጩ አንድ ጋርዴኒያ ገዛሁ። ድርብ አበባ፣ አሥራ አንድ እንቡጥ። ቤት እስክደርስ አሥራ አንዱም መኪናው ወለል ላይ ረግፈዋል። ለእህቴ እንጨት አበረከትኩ። ተመልሼ ሻጩ ላይ ብጮህ ሳቀብኝ።

"አኩርፋ ነው። ቦታ ሲቀየርባት ታኮርፋለች። ውሃ ሲቀየርባት ታኮርፋለች። ክፉ ዓይን ካየሃትም ታኮርፋለች።"

"የማታኮርፍ የለችም?"

"እስካሁን አልተወለደችም።"

እንግዲህ... ላስወልዳት ተነሳሁ።

ድርቡ አበባ ፍሬ አይዝም፤ ብናኙን ግን፣ በመርፌ ጫፍ ቢሆንም፣ ይሰጣል። ፍሬ የሚይዘው ነጠላው ነው፤ ስድስት የአበባ ቅጠል ብቻ ያለው፣ ጭምት፣ ጠንካራ። ከተማውን ሙሉ ዞሬ አንድ ቦታ አገኘሁት፤ ክሊኒኩ ግቢ፣ ማዋለጃው ክፍል መስኮት ሥር። መስኮቱ ላይ ደግሞ አዋላጇ ቆማለች።

"አበባ መቁረጥ ክልክል ነው!"

"አልቆርጥም። ላዳቅል ነው።"

ከላይ እስከ ታች አየችኝ። "እሱማ እኔ ክፍል የሚያልቅ ጉዳይ ነው። ይግቡ።"

ዘጠኝ አበባ ሳይፈነዳ ከፍቼ፣ የራሱን ብናኝ ነቃቅዬ፣ የድርቡን በቀለም ብሩሽ ቀባሁና የወረቀት ከረጢት አሰርኩባቸው። አስታማሚዎቹ "ቁጥቋጦው ምን ነካው?" እያሉ ሲጠይቋት "አርግዞ ነው" ትላቸው ነበር። ፍሬ የያዙት ሦስት። አንዱን ወፍ በላው። ከሁለቱ ዘር እነዚህ አሥራ ዘጠኙ በቀሉ።

ያኔ ውለታዋን በምን ልመልስ ብዬ ጠይቄያት ነበር። "ስፈልግ እጠይቃለሁ" አለች። አልጠየቀችም። ረስታዋለች መሰለኝ።

የካቲት 22

አልረሳችም!

ሲስተር ደወለች። (ክሊኒክ ውስጥ ሁሉም እንዲያ ነው የሚጠራት፣ እኔም ለመድኩት።)

"መምህር፣ ያን ውለታ አሁን ፈለግኩት። መንዳት ያስተምሩኛል?"

ሌላ ቦታ ተምራ ሁለት ጊዜ ወድቃለች።

"በምን ወደቁ?"

"በፍሬን።"

"ረስተውት?"

"ኧረ አብዝቼው።"

እሑድ እሑድ ተባባልን። እትዬ ሰምታ ቅንድቧን አነሳች። ምንም አላለችም። ቅንድቧ ግን ብዙ አለ።

የካቲት 29

የመጀመሪያው ቀን። እግዚኦ።

ፍሬን የምትረግጠው ጠላቷን ያገኘች ያህል ነው። ቀበቶ ባይኖር ዛሬ ይህን የምጽፈው ግንባሬን በፋሻ አስሬ ነበር።

"አሁን ለምን ቆሙ?"

"ያ ሰውዬ ሊሻገር መሰለኝ።"

"የቱ ሰውዬ?"

"ያ።"

ሰውዬው ደጃፉ ላይ ወንበር አውጥቶ ጋዜጣ ያነባል።

ዳገቱ ላይ ሞተሩ ማቃሰት ሲጀምር መሪውን እየደባበሰች "በርቺ የኔ እናት... ተንፍሺ... ትንሽ ነው የቀረሽ" ትላታለች። እና መኪናዋ ወጣች! ያቺ አሮጊት መኪና ያን ዳገት በሁለተኛ ማርሽ ወጥታው አታውቅም። ለኔ ወጥታልኝ አታውቅም።

አርባ ስድስት ዓመቷ እንደሆነ ነገረችኝ። አልጠየቅኳትም። ... ጠይቄያት ይሆን እንዴ?

መጋቢት 7

እንቡጥ!!! ቁጥር 3 ላይ። አራት። የስንዴ ፍሬ ያክላሉ።

እትዬን ጠራኋት። መነጽሯን አድርጋ ጎንበስ አለች።

"ቅጠል ነው።"

"እንቡጥ ነው!"

"ይግባኝ ማለት ትችላለህ።"

መጋቢት 17

ይግባኙን አሸነፍኩ። እንቡጥ የያዙት ስምንት ደረሱ። ቁጥር 14 ገና ዛሬ ነው ብቅ ያደረገችው። ሌሎቹ አሥራ አንዱ ቅጠላቸውን ዘርግተው እንደ ሹም ቁጭ ብለዋል።

መጋቢት 20

ቁጥር 3ን ለችግኝ ሻጩ ላሳየው ብዬ ኋላ ወንበር ላይ አስቀመጥኳት። ቀበቶም አሰርኩላት። ወደዚያ ሳልሄድ የሲስተር ሰዓት ደረሰ። ሦስተኛው ፍሬን ላይ ከኋላችን... ጠብ። ጠብ። ጠብ። ጠብ።

አራቱም።

እውነቱን ልጻፍ፤ አኮረፍኩ። እስከ ክሊኒኩ ድረስ ቃል አልወጣኝም። በእጄ ብቻ ግራ፣ ቀኝ፣ ቁሚ እያልኩ። ወርዳ በመስኮቱ በኩል ጎንበስ አለችና፦

"መምህር፣ የሚፈልጉት ሲንቀሳቀስ የማይረግፍ አይደለም እንዴ?"

"ነው።"

"ታዲያ ከኔ የባሰ ፈተና ከየት ያገኛሉ?"

ሦስት ዓመት ሙሉ እንዴት እንደምፈትናቸው ስጨነቅ... ሰዎች ይሸከሟቸው? አውቶቡስ ላይ ልጫናቸው? መልሱ መሪ ይዞ ጎኔ ተቀምጧል።

መጋቢት 27

ቁጥር 7 ሞተር ሳይነሳ ረገፈች። ሹፌሯን አይታ ነው።

ቁጥር 5 እስከ ዳገቱ ደረሰች። ከዚያ ወዲያ ባዶ።

ሚያዝያ 4

ቁጥር 11፦ ከስድስት ሁለት ቀሩ። ተስፋ ነው? ቤት ስደርስ እነሱም ረገፉ። አኩራፊ ብቻ ሳትሆን ቂመኛም ናት።

እትዬ ውጤቱን በሰንጠረዥ ትይዝልኛለች። ዓምዶቹን በራሷ ቋንቋ ሰይማቸዋለች፤ "የተከሳሽ ቁጥር፣ የእንቡጥ ብዛት፣ ብይን"።

ሚያዝያ 11

ቁጥር 14። ሰባት እንቡጥ።

ፍሬን አንድ... ሰባት። ፍሬን ስድስት... ሰባት። ፍሬን መቁጠር ተውኩ። በኋላ ማርሽ ከጠባቡ መንገድ ስትወጣ የአንድ ግቢ ቆሻሻ በርሜል ገጨች። በርሜሉ ተንከባለለ፣ ውሻ ጮኸ፣ እኔም ጮህኩ። ዞር ብዬ ቆጠርኩ። ሰባት። ሲስተር ዞራ ቆጠረች። ሰባት።

የበርሜሉ ባለቤት ወጥቶ ሲቆጣ ሁለታችን የድንች ልጣጭ መሃል ቆመን እንስቃለን።

"ሰባት!" አልኩት ሰውዬውን፣ ትከሻውን ይዤ።

"ምን ሰባት?"

"ሰባት!" አለችው ሲስተርም።

ቆሻሻውን በእጃችን ሰብስበን፣ ይቅርታ ጠይቀን፣ በኮረኮንቹ በኩል እንድትመልሰኝ ለመንኳት። ዕቃዬ ሁሉ ተንቀጫቀጨ፤ የፊት ታርጋዬ ቀበቶ ሳይኖረው ወደቀ። እንቡጥ? ሰባት።

ስንለያይ "በርቺ" አልኳት። በርቺ! ከየት መጣ? ሰባት ሳምንት "እርስዎ" ስል ከርሜ...

"እሺ፣ አንተም በርታ" አለችና ገባች።

ሚያዝያ 18

14 ፈነዳች። ድርብ አይደለችም፣ ነጠላም አይደለችም። ሁለት ዙር፣ ስድስት በስድስት ላይ፣ መሃሏ ክፍት። ሽታዋ እንደ ድርቡ ራስ አያዞርም፤ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው፣ እንግዳ በር አንኳኩቶ እንደሚገባ።

እትዬ አሸተተች። ወንበር ሳበችና ተቀመጠች። እንደገና አሸተተች።

"በነጻ ተለቃለች" አለች።

ሚያዝያ 25

ሲስተር ዛሬ ፍሬን አላበዛችም። ልትቆም ስትል መኪናዋ ራሷ የደከማት መስሎ ነው የምትቆመው። እኔ እንኳን አላወቅኩትም ነበር... መቼ ተማረች?

"መቼ ነው ፈተና የምታስገባኝ?" አለች።

"ምን አስቸኮለሽ?"

ነገረችኝ። አራት ሰዓት ተኩል የሚያስኬድ ገጠር ውስጥ አዲስ ጤና ጣቢያ ተከፍቷል። ዘጠኝ መንደር፣ አንድም አዋላጅ የለም። መኪና ተሰጥቷቸዋል፣ የሚነዳው የለም። መንዳት የምትችል አዋላጅ ይፈልጋሉ። ቦታውን እስከ ሐምሌ መጨረሻ ይይዙላታል።

"ጥሩ ነው" አልኩ።

ጥሩ ነው።

ፈተና ለመቀመጥ የአስተማሪ ፊርማ ያስፈልጋል። የኔ።

"ኋላ ማርሽ ትንሽ ይቀርሻል" አልኳት።

ይቀራታል እንዴ? በርሜል ገጭታለች። ይቀራታል።

ግንቦት 2

ኋላ ማርሽ አሳየችኝ። ሁለት መኪና መሃል እንደ ክር በመርፌ ቀዳዳ አሾለከቻት። አጨበጨበች ለራሷ።

"ዝናብ ላይ ነድተሽ አታውቂም" አልኳት።

ግንቦት 9

ዝናብ የለም።

ግንቦት 16

ዝናብ የለም። አበቦቹ ተጠምተዋል። እኔ ግን ሰማዩን አይቼ ደስ አለኝ። ምን ዓይነት አትክልተኛ ነኝ?

ግንቦት 23

ዘነበ። ያውም በባልዲ። እንደ ዳክዬ ነዳችው።

"የሥራ መውጫ ሰዓት ትርምስ ላይ ደግሞ እናያለን" አልኳት። ሳቀች። ትንሽ ነው የሳቀችው።

ሰኔ 2

ከ14 አሥር ቁራጭ ወስጄ አሸዋ ላይ ተከልኩ። እርጥበት እንዲይዝላቸው ብርጭቆ ደፋሁባቸው። እትዬ ሻይዋን በሾርባ ሳህን እየጠጣች ትገላምጠኛለች።

ሰኔ 5

ለራሷ ብዬ ነው። የገጠር መንገድ ቀልድ አይደለም። እርጉዝ ሴት ጭና... ጥንቃቄ አይከፋም። የትኛውም ጠንቃቃ አስተማሪ እንዲህ ያደርጋል።

ይህን ለማን ነው የማስረዳው? ከኔ በቀር የሚያነበው የለ።

ሰኔ 12

እትዬ ሲስተርን ሻይ ጋበዘቻት። (ብርጭቆ ከጎረቤት ተዋስን።) ሁለቱ ተገናኝተው አያውቁም ነበር፤ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ግን እኔን ነበር የሚያሙት፣ እዚያው አጠገባቸው ቁጭ ብዬ። ከዚያ እትዬ "እስቲ አንዴ አዙሪኝ" ብላት ወጡ። የሥራ መውጫ ሰዓት ነው። ትርምስ ነው። ሃያ ደቂቃ። ሳቃቸው ከነሱ ቀድሞ ገባ።

ሲስተር ከሄደች በኋላ እትዬ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

"ልጅቷ ካንተ በተሻለ ትነዳለች። ምንድን ነው የቀራት?"

"አቋቋም ላይ ትንሽ..."

"አቋም የቀረህስ አንተ ነህ።"

የተዋስናቸውን ብርጭቆዎች መሰብሰብ ጀመርኩ። ዝም አይነቅዝም።

"ስማኝ አንተ ልጅ" አለች። "ሠላሳ አራት ዓመት የሰው ቃል በታይፕ ስመታ ኖሬያለሁ። ሰው ሲዋሽ መጀመሪያ የሚያውቀው ጣቴ ነው። እንዳትሄድብህ ነው የያዝካት።"

"አይደለም።"

አሥር ጣቷን አነሳችና አየር ላይ መታች። "ተከሳሽ... ካደ።"

ሰኔ 13

አኮረፍኳት።

ሰኔ 15

ማንን ነው ያኮረፍኩት? እውነቷን ነው።

መጀመሪያ የተናገርኩት እኔ ነኝ። ጎረቤት ይስማ አይስማ... "እውነትሽን ነው" አልኳት። እትዬ የያዘችውን ማንኪያ ጣለች። በሃምሳ ሁለት ዓመቴ የመጀመሪያዬ ነው አሉ።

"ለኔ አይደለም የምትነግረው" አለች።

ሰኔ 21

ነገርኳት። ክሊኒኩ በር ላይ፣ ካቆመች በኋላ። ያው ውብ አድርጋ ነው ያቆመችው።

"ደርሰሻል" አልኩ።

"የት?"

"ለፈተና። ከደረስሽ ቆይተሻል። ፊርማዬን ያዝኩት... እንዳትሄጂ ብዬ።"

ሞተሩን አጠፋች። ሁለት እጇ መሪው ላይ ነው።

"ስንት ሳምንት?"

"ስምንት።"

አንዲት ሴት ሕፃን ታቅፋ ከክሊኒኩ ወጣች፣ ሲስተርን አይታ እጇን አውለበለበች፣ ሲስተርም አውለበለበችላት፣ ሳትስቅ።

"ባለፈው ሳምንት ከዚያ አካባቢ አንዲት እናት ስድስት ሰዓት በጋሪ ተጉዛ መጣች" አለች። "ተርፋለች። ልጁም ተርፏል። ዕድል ሆኖ ነው እንጂ በሙያ አይደለም።" ቀና ብላ አየችኝ። "እርስዎ ይህን ያስቡት ነበር?"

እርስዎ።

በሩን በላዬ ብትደረግመው ይሻለኝ ነበር። እሷ ግን ቀስ አድርጋ ነው የዘጋችው።

ሰኔ 22

ፎርሙን ፈርሜ ለክሊኒኩ ጥበቃ ሰጠሁት። አላየኋትም። ቀን የሚለው ቦታ ላይ ብዙ ቆየሁ... ሚያዝያ 25 ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ። ዛሬን ጻፍኩ።

ሐምሌ 4

አልፋለች። ፈታኙ አንድ ነጥብ አልቀነሰባትም። ከእትዬ ነው የሰማሁት፤ የደወለችው ለሷ ነው።

"ስለኔ ምን አለች?"

"ምንም።"

"ምንም ማለት?"

"ምንም ማለት ምንም ነው። መዝገብ ላይ አልገባህም።"

ሐምሌ 6

14 ሁለተኛ ዙር እንቡጥ ይዛለች። ከብርጭቆዎቹ ሥር ደግሞ ሰባቱ ቁራጮች ሥር ሰድደዋል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ጎረቤት ጠርቼ ነበር።

ሐምሌ 14

የዝርያ ምዝገባ ቢሮ ሄድኩ። ባለሙያዋ ወፍራም ፋይል ያላት ቀጭን ሴት ናት። እንቡጥ አይጥልም ስላት ብዕሯን አስቀመጠች።

"ጋርዴኒያ ሆና?"

"ጋርዴኒያ ሆና።"

ደንቡን አስረዳችኝ። ከሌላው የተለየ መሆን አለበት። ከቁራጭ ሲባዛ ራሱን መምሰል አለበት። አዲስ መሆን አለበት፤ አዲስ ማለት ከአዳቃዩ ሌላ ሰው እጅ ያልተሰራጨ። ደግሞ ሁለት የተለያየ ቦታ ተተክሎ መታየት አለበት። ሁለት ቦታ? ያለኝ አንድ በረንዳ ነው፣ እሱም ግማሹ የአንሶላ ነው።

የዝርያው ስም የሚለውን ባዶ ተውኩት።

ሐምሌ 28

ዛሬ ሄደች።

ጠዋት 14ን ስጭን እትዬ በር ላይ ቆማ "ምን ልትላት ነው?" አለችኝ።

"አላውቅም።"

"ጥሩ ጅምር ነው።"

ክሊኒኩ በር ላይ ነጭ መኪና ቆሟል፤ ሻንጣ፣ ካርቶን፣ ሚዛን። ሲስተር ጣሳውን አየች፣ እኔን አየች።

"ይሄ ምንድን ነው? ጉቦ?"

"ሁለተኛ ቦታ ላይ መሞከር አለበት ተባልኩ።"

"ሌላስ?"

"ይቅርታ።"

"እሱን አስቀድመው ቢሉት ኖሮ ጣሳ መሸከም አይጠበቅብዎትም ነበር።"

ግን ተቀበለችኝ። ያለችኝ ባለ አበባ እናት ተክል እሷው ብቻ እንደሆነች አልነገርኳትም፤ ራሷ ታውቃለች። ፊት ወንበር ላይ አስቀመጠቻት፣ ቀበቶ አሰረችላት፣ ዘጠኝ እንቡጥ ጮክ ብላ ቆጠረች። ከዚያ ሞተር አስነሳች። ስፖኪዮ አየች። ፍሬቻ አበራች። ወጣች። ማረም የምችለው አንድ ነገር ፈልጌ አጣሁ።

ሐምሌ 29

መልእክት። አንድ ቃል ብቻ።

"ዘጠኝ።"

አሳየኋት ለእትዬ። "ከዚህ ያጠረ ደብዳቤ መትቼ አላውቅም" አለች።

ነሐሴ 11

"ዘጠኙም ፈነዱ። የወለዱት የተኙበት ክፍል ሁሉ ሸተተ። ለምን አትመጣም?"

አትመጣም! "አይመጡም" አይደለም። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አራተኛውን እትዬ አነበበችልኝ፣ ጎረቤት እስኪሰማ።

ነሐሴ 15

ሄጄ መጣሁ። አራት ሰዓት ተኩል በአውቶቡስ፣ ሁለት ሰዓት ስለ አፈርና ውሃ ማውራት፣ አራት ሰዓት ተኩል መልስ። ከሁለቱ ሰዓት ስለ አፈር ያወራነው ሩብ ያህሉን ነው። የቀረውን እሷ ተቆጣችኝ፣ እኔ ሰማሁ። ሁሉንም፣ ስምንቱንም ሳምንት፣ በየተራ። ስትጨርስ ሻይ አፈላች።

ባልደረቦቿ "ማን ናቸው?" ሲሏት "የአበባው ሐኪም" አለቻቸው።

ጥቅምት 3

በየወሩ እየሄድኩ ነው። ለሙከራው ነው። ቁመት እለካለሁ፣ ቅጠል እቆጥራለሁ። እትዬ ሸሚዜን ስትተኩስ "ለቅጠል ቆጠራ?" ትላለች።

የግቢው በር አንድ ማጠፊያው ተነቅሎ ስላገኘሁት ጠገንኩት። ሲስተር ከ14 ቁራጭ እያወጣች በየጣሳው ስትተክል አየሁ። "ለምንድን ነው ይሄ ሁሉ?" ስላት "እንዳያልቅብን" አለች። አዋላጅ ናት፣ ማብዛት ልማዷ ነው ብዬ አለፍኩት።

መጋቢት 12

ኧረ እንዴት ብዬ ልጻፈው...

ባለሙያዋን ይዤ ሄድኩ፤ የመጨረሻው ምልከታ ነው። መንደሩ መግቢያ ላይ አንድ ደጃፍ ጣሳ ተቀምጧል። ስንዝር የማትሞላ ጋርዴኒያ፣ አንድ አበባ፣ ሁለት ዙር። ባለሙያዋ "ትመስላለች" አለች። "ትመስላለች" አልኩ። ሁለተኛው ደጃፍ ላይ ሌላ። ከጉድጓዱ ውሃ አጠገብ ሌላ። ልብስ ማስጫው ሥር ሁለት። እኔ ሰማይ ሰማይ ማየት ጀመርኩ።

"መምህር፣ ይህ ዝርያ ስንት ሰው እጅ ነው ያለው?"

"አንድም ሰው እጅ የለም።"

"አሥራ አንድ" አለች ሲስተር፣ በሩን እየከፈተችልን።

"ምን አሥራ አንድ?"

"አሥራ አንድ እናት። ለወለደች ሁሉ አንዳንድ ሰጠኋት። ሕፃን ታቅፋ፣ በሌላ እጇ ምንም ሳትይዝ ስትሄድ ደስ አይልም።"

ባለሙያዋ ፋይሉን ቀስ አድርጋ ዘጋችው። ደንቡን ሁለተኛ ጊዜ አነበበችልኝ። ከምዝገባ በፊት የተሰራጨ አዲስ አይባልም። አለቀ። አራት ዓመት ሊሞላው የተቃረበ ልፋት፣ ዘጠኝ ከረጢት፣ አንድ በርሜል።

ሲስተር የዚያን ጊዜ ነው የገባት። ፊቷ ተለወጠ። "እኔ... ሳላስበው... ሳልጠይቅህ..." ከዚያ ቀስ ብላ፦ "አኮረፍክ?"

ሆዴን ፈተሽኩት። እውነቴን ነው፣ ቆሜ ፈለግኩት፣ ሰው ኪሱ ውስጥ ቁልፍ እንደሚፈልግ። ያችን የማውቃትን፣ ጉሮሮ ላይ የምትቀመጠውን። የለችም። በሷ ቦታ የመጣው ሳቅ ነው።

"ከአሥራ አንዱ ስንቶቹ እንቡጥ ጣሉ?" አልኳት።

"አንድም። አንደኛዋ በቅሎ ላይ ነው የሄደችው።"

"በበቅሎ!" አልኩ። ባለሙያዋን ትከሻዋን ይዤ "በበቅሎ!" አልኳት።

ልትሄድ ስትል ፋይሏን ብብቷ ውስጥ አድርጋ ትንሽ አመነታች። ጉሮሮዋን ጠረገች።

"እንግዲህ ካልተመዘገበ... አንድ ቁራጭ ብወስድ ደንብ አይከለክልም።"

መጋቢት 13

ትናንት አልተመለስኩም። ለአስታማሚ የተዘጋጀች ክፍል አለች፣ እዚያ ተኛሁ። ጠዋት እትዬ ደወለች። ሁሉንም ከሲስተር ሰምታ ጨርሳለች።

"አላኮረፍክም አሉ" አለች።

"አላኮረፍኩም።"

"ምስክር አለህ?"

"ሁለት።"

ስትናገር ድምፅዋ እንደ ሌላ ቀን አይደለም። "መቼ ነው የምትመለሰው?"

"እሑድ መሰለኝ።"

"የቱ እሑድ?"

እኔም አላወቅኩትም። ሲስተር ትናንት ሻይ እየጠጣን "እዚህ ዘጠኝ መንደር ውስጥ መንዳት የሚችል እኔ ብቻ ነኝ፣ ተማሪ አይጠፋም" ብላ ነበር፤ ሌላ ምንም ሳትጨምር፣ ብርጭቆዋን እያየች። እኔም "መኪናዋ ዳገቱን ትወጣለች?" አልኩ። "ካናገርካት" አለች።

ለእትዬ ይህን ነገርኳት። "በረንዳው ለአንሶላ ብቻ ሊሆን ነው በለኛ" አለች። ከዚያ፦ "አንሶላዬን ይዤ እመጣለሁ፣ ፀሐይ ካለ።"

"አለ" አልኳት።

ሲስተር ስታዋልድ አድራ ገና መተኛቷ ነው። ግቢውን እየጠረግኩ ሳለ አንድ ወጣት ሰው በሩ ላይ ቆመ። ዓይኑ በእንቅልፍ እጦት ቀልቷል። እጁ ላይ ባዶ ጣሳ ይዟል፣ ታጥቦ ያበራል።

"ለወለደች ይሰጣል አሉኝ" አለ፣ አፍሮ። "አሁን ነው የወለደችልኝ። ሴት።"

እንኳን ደስ አለህ አልኩት። መቀስ አመጣሁ። ከ14 ጥሩ ጥሩዋን መርጬ፣ ከአንጓው ሥር ቆርጬ፣ ራሴ ተከልኩለት። ውሃው የዝናብ ይሁን አልኩት፣ ቀትር ላይ ጥላ ስጣት፣ ስትሸከማት ግን አትፍራ፣ ይህቺ መንገድ አያስከፋትም። ቃል በቃል ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ያዘው።

በሩ ላይ ሲደርስ ዞር አለ።

"ስሟ ማነው?"

"ገና አልወጣላትም" አልኩት።

ጣሳዋን ደረቱ ላይ አስጠጋና ፈገግ አለ።

"የኛም ገና ነው።"